ድልድይ ቆሞ ሳለ ለምን ይዘጋል? በጋንጀስ ወንዝ ላይ ከተሠሩ ታሪካዊ የባቡርና የመኪና ድልድዮች የተገኘ ተሞክሮ

አንድ ድልድይ ለከባድ ተሽከርካሪዎች ሲከለከል ወይም ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ከተገልጋዮች ዘንድ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ «ድልድዩ እንደቆመ ነው፤ ታዲያ ለምን ተዘጋ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። መንገድ ሲዘጋ አርሶ አደሩ ምርቱን፣ ነጋዴው ሸቀጡን፣ አስታማሚው ሕመምተኛውን ይዞ ረጅም ዙሪያ ለመሄድ ይገደዳል። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት የሕንድን ተሞክሮ ይመለከታል። ሕንድ በጋንጀስ ወንዝ ላይ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ያገለገሉ ድልድዮች ያሏት በመሆኗ ድልድይ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚያረጅና መቼ ከአገልግሎት መውጣት እንዳለበት በግልጽ ታሳያለች። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በካንፑር የሆነው

የካንፑር ከተማን ከማዶው ከሹክላጋንጅና ከኡናኦ ወረዳ ጋር የሚያገናኘው አሮጌው የጋንጀስ ድልድይ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በ1870ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ነው። ድልድዩ ሁለት ወለል ያለው ሲሆን በላይኛው ተሽከርካሪዎች፣ በታችኛው ደግሞ እግረኞችና ብስክሌተኞች ይተላለፉበት ነበር። በ2021 በምሰሶዎቹ ላይ ስንጥቅ በመታየቱ ለትራፊክ ተዘጋ። በየዕለቱ ወደ ካንፑር ለሥራና ለትምህርት ይመላለስ ለነበረው የማዶ ነዋሪ መዘጋቱ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ድልድዩ እንደቀድሞው ቆሞ ይታያል፤ ነዋሪው ግን በሌላ መንገድ ዞሮ ይሄዳል።

ከሦስት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በኅዳር 2024፣ ከድልድዩ አንዱ ክፍል ተደርምሶ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም በላዩ የሚተላለፍ አልነበረም። ድልድዩ ያን ጊዜ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሊደርስ ይችል የነበረውን ማሰብ አያስቸግርም። «ቆሞ ሳለ ለምን ይዘጋል?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አይገኝም።

ወንዙ ለምን አስቸጋሪ ሆነ?

ሕንዶች «ጋንጋ» ብለው የሚጠሩት ጋንጀስ ከሂማላያ ተራሮች ተነሥቶ ከ2,500 ኪ.ሜ. በላይ ከተጓዘ በኋላ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚገባ ታላቅ ወንዝ ነው። በባንግላዴሽ ፓድማ ይባላል። ሁግሊ የተባለው ቅርንጫፉ ደግሞ በኮልካታ ከተማ በኩል ያልፋል።

ወንዙን ለድልድይ ሠሪ አስቸጋሪ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የአፈሩ ጠባይ ነው። የጋንጀስ ሜዳ ወንዞች በብዙ ሺህ ዓመታት ተሸክመው ባመጡት አሸዋና ደለል የተሞላ በመሆኑ መሠረት የሚያርፍበት ዐለት በቅርብ አይገኝም። ሁለተኛው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንበው የሞንሱን ዝናብ ወንዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልኩን ይለውጣል፤ በቫራናሲ ከተማ በበጋና በጎርፍ ጊዜ መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት ከ10 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሦስተኛው ወንዙ በአንድ ቦታ የማይረጋ መሆኑ ነው። አንዱን ዳር እየቆረሰ ሌላውን እየደለደለ ስለሚሄድ ዛሬ ውሃ ላይ የተሠራ ድልድይ ነገ በደረቅ መሬት ላይ ሊቀር፣ ውሃውም በጎን ሊያልፈው ይችላል።

የዘመኑ መሐንዲሶች ለአፈሩ ችግር ያገኙት መፍትሔ ሕንድ ከጥንት ጀምሮ ከምታውቀው የውሃ ጉድጓድ አሠራር የተወሰደ ነው። ከታች ስለታም የብረት ጠርዝ ባለው ክብ መሠረት ላይ የጡብ ግንብ እንደ ጉድጓድ ግድግዳ ይገነባል። ከዚያም በውስጡ ያለው አሸዋ እየተዛቀ ሲወጣ ግንቡ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይሰጥማል። በሰጠመ ቁጥር ከላይ ይጨመርበታል። ጎርፍ አሸዋውን ጠርጎ ሊደርስበት ከሚችለው ጥልቀት በታች ሲደርስ ታችኛው ክፍል በኮንክሪት ይደፈናል፤ ምሰሶውም በላዩ ይቆማል። ወንዙን በስፍራው ለማቆየት ደግሞ ከድልድዩ ወደ ላይና ወደ ታች በድንጋይ የተሸፈኑ ረጃጅም የአፈር ግድቦች ተሠርተው ውሃው በምሰሶዎቹ መካከል እንዲያልፍ ይደረጋል።

ከእነዚህ ድልድዮች የሚበዙት የታወቁት በላያቸው ባለው የብረት አካል ነው፤ ደኅንነታቸውን በዋናነት የሚወስነው ግን ከአሸዋው ሥር ተቀብሮ የማይታየው ክፍል ነው።

ቫራናሲ፦ ሳይፈርስ የታደሰው ድልድይ

በቫራናሲ የሚገኘው ድልድይ በ1887 ተመርቆ በወቅቱ በነበሩት የሕንድ እንደራሴ ስም «ዳፈሪን ድልድይ» ተባለ። ሥራውን ያከናወኑት የአውድና ሮሂልካንድ ባቡር ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው። ርዝመቱ ከአንድ ኪ.ሜ. ጥቂት ይበልጣል። በውሃው ጥልቅ ክፍል ላይ እያንዳንዳቸው ከ100 ሜትር በላይ የሚዘረጉ ሰባት የብረት ክፍሎች አሉት።

ባቡሮች እየከበዱ፣ የመኪናም ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ የመጀመሪያው የብረት አካል ፍላጎቱን ሊያሟላ አልቻለም። በ1940ዎቹ የብረቱ አካል ተለውጦ በታችኛው ወለል ባቡር፣ በላይኛው ወለል መኪና የሚተላለፍበት ባለ ሁለት ወለል ድልድይ ሆነ። ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1948፣ ታዋቂውን የትምህርትና የነፃነት ትግል መሪ ማዳን ሞሃን ማላቪያን ለማስታወስ «ማላቪያ ድልድይ» ተብሎ ተሰየመ። የድልድይ አካል ሁሉ በአንድነት አያረጅም። መሠረቱ ጠንካራ ከሆነ የላይኛው አካል ሊለወጥና ድልድዩ ሁለተኛ ዕድሜ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ግን የሚሆነው መሠረቱ በየጊዜው ሲመረመርና ሁኔታው በሰነድ ሲያዝ ብቻ ነው።

ሞካማ፦ ከመርከብ ወደ ድልድይ

በቢሃር ክፍለ ሀገር ጋንጀስ ሰሜኑን ከደቡቡ ለረጅም ዘመን ለይቶ ኖሯል። በሞካማ መሻገሪያ ዕቃ ከደቡቡ ሰፊ ሐዲድ ባቡር ወርዶ በመርከብ ይሻገርና በሰሜኑ ዳር በጠባቡ ሐዲድ ባቡር ላይ እንደገና ይጫን ነበር። በአዳኝነቱና በመጻሕፍቱ የሚታወቀው ጂም ኮርቤት ዝነኛ ከመሆኑ በፊት በዚሁ ስፍራ ለሃያ ዓመታት ያህል ዕቃ የማዛወር ሥራ ተቋራጭ ሆኖ ሠርቷል። ሥራው ሁሉ በሰው ትከሻ የሚከናወን ነበር።

ይህ ሁኔታ ያበቃው በ1959 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔሩ ራጄንድራ ሴቱን ሲመርቁ ነው። «ሴቱ» ማለት ድልድይ ማለት ሲሆን ስያሜው ለሕንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ራጄንድራ ፕራሳድ የተሰጠ ነው። ድልድዩ ሁለት ኪ.ሜ. ያህል ርዝመት አለው፤ ከላይ መኪና፣ ከታች ባቡር ይተላለፍበታል። የሚሠራበትን ቦታ በመምረጥ ረገድ ምክር የሰጡት ዕውቁ መሐንዲስ ሞክሻጉንዳም ቪስቬስቫራያ ሲሆኑ በወቅቱ ዕድሜያቸው ከዘጠና ዓመት በላይ ነበር።

ከስድሳ ዓመታት አገልግሎት በኋላ ግን ይህም ድልድይ ደከመ። በመዳከሙ ከባድ ተሽከርካሪዎች እንዳያልፉበት በመደረጉ የጭነት መኪኖች ሰሜን ቢሃርን ከደቡቡ ጋር ለማገናኘት ከ100 ኪ.ሜ. በላይ ተጨማሪ መንገድ ለመዞር ተገደዱ። በ2025 ከጎኑ ባለ ስድስት መስመር አዲስ የመኪና ድልድይ ለአገልግሎት በቃ። አሮጌው በተዳከመበትና አዲሱ በተከፈተበት ጊዜ መካከል የነበረውን ወጪ የከፈለው መንገደኛውና ነጋዴው ነው። ምትክ ድልድይ መታቀድ ያለበት አሮጌው ከመዳከሙ በፊት መሆኑን ይህ ያስረዳል።

ፓትና፦ አዲስነት ዋስትና አይደለም

ድልድይ የሚጎዳው ሲያረጅ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በፓትና ከተማ የሚገኘውና ከ5.5 ኪ.ሜ. በላይ የሚረዝመው ማሃትማ ጋንዲ ሴቱ በ1982 ሲመረቅ በሕንድ ረጅሙ የወንዝ ድልድይ ነበር። የተሠራው በውስጡ በተወጠሩ የብረት ገመዶች በሚጠነክር ኮንክሪት ሲሆን ከየምሰሶው ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ክንዶች መሐል ላይ በማጠፊያ ይገናኙ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ክንዶቹ ጫፋቸው ላይ ማጎንበስ፣ ማጠፊያዎቹም መበላሸት ጀመሩ። ሰሜን ቢሃርን ከፓትና የሚያገናኝ ዋና መስመር በመሆኑ ከባድ ጭነት ያለ ማቋረጥ ይተላለፍበት ነበር። ለዓመታት በተደረገ ጥገና ሊድን ባለመቻሉ ከ2017 ጀምሮ የላይኛው የኮንክሪት አካል በሙሉ ፈርሶ በብረት ፍርግርግ ተተካ፤ ሥራው በ2022 ተጠናቀቀ። አሮጌዎቹ መሠረቶች ጥቅም ላይ ቀጥለዋል። ሥራው የተከናወነው አንዱ ጎን ሲፈርስ በሌላው ጎን ትራፊክ እንዲያልፍ እየተደረገ በመሆኑ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። በአንድ ወንዝ ላይ የ1887ቱ ድልድይ ሲያገለግል የ1982ቱ አካሉ መፍረሱ ዕድሜ ብቻውን መለኪያ እንደማይሆን ያሳያል። የአሠራሩ ዓይነት፣ የሚሸከመው ጭነትና የሚደረግለት ክትትል በአንድነት መታየት አለባቸው።

ኮልካታ፦ የመንገደኛው ድርሻ

በሁግሊ ላይ ያለው የሃውራ ድልድይ ለአገልግሎት የበቃው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በየካቲት 1943 ነው። በስፍራው ከ1874 ጀምሮ ያገለግል የነበረውን ተንሳፋፊ ድልድይ ተክቷል። ለመርከብ መተላለፊያ እንዲሆን በወንዙ መካከል ምሰሶ የለውም፤ በሁለቱ ምሰሶዎቹ መካከል 457 ሜትር ክፍት ቦታ አለ። ከ26,000 ቶን በላይ ብረት የፈጀ ሲሆን አብዛኛውን ያቀረበው የሕንዱ ታታ ብረት ፋብሪካ ነው። የብረት ክፍሎቹ የተያያዙት በብሎን ሳይሆን ግሎ በሚቀጠቀጥ የብረት ችንካር (ሪቬት) ነው። በ1965 በባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ስም «ራቢንድራ ሴቱ» ተብሎ ተሰየመ።

ይህ ድልድይ ጦርነትን፣ አውሎ ነፋስንና በየዕለቱ የሚተላለፍበትን ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ተቋቁሟል። ካጋጠሙት ጉዳቶች አንዱ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። በሕንድ ብዙ ሰው ፓን የተባለ ቅጠል ከኖራና ከፍሬ ጋር ያኝካል፤ ቀይ ምራቁንም ይተፋል። መንገደኞች በድልድዩ ቋሚ ብረቶች ግርጌ ሲተፉ ምራቁ የብረቱን መከለያ ይበላው ጀመር። ከ2007 እስከ 2010 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት የነበረው የመከለያ ብረት በአንዳንድ ቦታ ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኘ። ኃላፊነቱን የያዘው የወደብ አስተዳደር ግርጌዎቹን በፋይበር መስታወት ለመሸፈን ተገድዷል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሚተፋው ምራቅ ምንም አይደለም፤ የሺዎች የየዕለት ልማድ ግን ብረት ይበላል።

በዚሁ ሁግሊ ላይ፣ በናይሃቲና በባንዴል መካከል፣ በየካቲት 1887 የተከፈተው የኢዮቤልዩ ባቡር ድልድይ ደግሞ በሌላ መንገድ አርአያ ነው። ለ129 ዓመታት ካገለገለ በኋላ በ2016 ከጎኑ የተሠራው አዲስ ድልድይ ሥራውን ተረክቦ በክብር ጡረታ ወጥቷል። ምትኩ በጊዜ በመድረሱ ሕዝቡ በአገልግሎት መቋረጥ አልተንገላታም።

ከባድ ጭነት ምን ያደርጋል?

ብዙ አሽከርካሪዎች «ትናንት ይህን ያህል ጭነት ይዤ አልፌ ምንም አልሆነም» ሲሉ ይደመጣል። ብረት ግን እንደ ሰው ይደክማል። ተሽከርካሪ በላዩ ባለፈ ቁጥር በመጠኑ ይለጠጥና ይመለሳል። ይህ በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም በመገጣጠሚያዎች ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጠራል። በተለመደው የምሕንድስና ስሌት መሠረት በብረቱ ላይ የሚያርፈው ጫና እጥፍ ሲሆን በእያንዳንዱ ማለፍ የሚደርሰው የድካም ጉዳት ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ከተፈቀደው በላይ የጫነ አንድ መኪና በሰላም ቢያልፍም ከድልድዩ ዕድሜ ላይ ቀንሶ ሄዷል።

ሁለተኛው ስውር ጉዳት ከውሃ በታች የሚደርሰው ነው። ጎርፍ በምሰሶ ዙሪያ ሲሽከረከር አሸዋውን ጠርጎ መሠረቱን ያራቁተዋል። ውሃው ሲጎድል ጉድጓዱ በልል ደለል ተመልሶ ስለሚሞላ ከላይ ለሚያይ ሰው ሁሉም ደኅና ይመስላል። በድልድይ አጠገብ አሸዋ ማውጣት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለመሠረቱ ድጋፍ የሚሰጠውን አሸዋ ያስወግዳልና።

ተገልጋዮች ምን ያድርጉ?

ከላይ የቀረበው ተሞክሮ ለሀገራችንም ጠቃሚ ነው። በባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የአባይ ድልድይ፣ ለአሥርት ዓመታት ያገለገለውን አሮጌ ድልድይ ጫና ለማቃለል ምትክ አስቀድሞ መሥራት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ የሚያሳይ የቅርብ ምሳሌ ነው። ዜጎች በበኩላቸው የሚከተሉትን እንዲያደርጉ ይመከራል።

1. በድልድይ መግቢያ ላይ የተለጠፈውን የክብደት ገደብ ያክብሩ። ገደቡ የሚመለከተው የመኪናውንና የጭነቱን ጠቅላላ ክብደት መሆኑን ያስተውሉ።

2. በድልድይ ሥርና በአቅራቢያው አሸዋና ድንጋይ አያውጡ፤ ቆሻሻ አያቃጥሉ፤ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎችን አይድፈኑ። የመከላከያ ብረቶችንና ብሎኖችን የሚነቅሉ ሰዎች ሲያዩ ለሚመለከተው አካል ያሳውቁ።

3. የሚከተሉትን ምልክቶች ካዩ ሳይዘገዩ ያመልክቱ፦ በምሰሶ ወይም በወለል ላይ አዲስ ስንጥቅ፤ ወለሉ ማጎንበሱ ወይም በመገጣጠሚያው ላይ ከፍና ዝቅ ማለቱ፤ መኪና ሲያልፍ ከወትሮው የተለየ ድምፅ ወይም መንቀጥቀጥ፤ የምሰሶ መዝመም፤ ከጎርፍ በኋላ የመሠረት መጋለጥ።

4. ጥቆማ ሲሰጡ የድልድዩን ወይም የወንዙን ስም፣ የሚገኝበትን መንገድ፣ ወረዳና ቀበሌ፣ ያዩትን ነገርና ያዩበትን ቀን ይግለጹ። ፎቶግራፍ ካለ ያያይዙ። ጥቆማውን መንገዱን ለሚያስተዳድረው አካል፣ ካልተቻለም በአቅራቢያዎ ለሚገኝ የወረዳ ወይም የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይቻላል።

5. የተዘጋ ድልድይን አጥር አልፈው በእግር፣ በሞተር ሳይክል ወይም ከእንስሳት ጋር ለመሻገር አይሞክሩ።

በሌላ በኩል ድልድይ በሚዘጋበት ጊዜ ዜጎች የመዘጋቱን ምክንያት፣ ተለዋጭ መንገዱን፣ ለአምቡላንስና ለድንገተኛ አገልግሎት የተዘጋጀውን አማራጭ እንዲሁም ሥራው የሚጠናቀቅበትን ግምታዊ ጊዜ የመጠየቅና መልስ የማግኘት መብት አላቸው። የመዝጋት ውሳኔ ተቀባይነት የሚያገኘው በበቂ ማብራሪያ ሲደገፍ ነው።

ማጠቃለያ

የካንፑር ነዋሪዎች ድልድያቸው በተዘጋባቸው ዓመታት ያጉረመረሙት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የደረሰባቸው መጉላላት እውነተኛ ነበር። ድልድዩ በተደረመሰ ዕለት ግን በወንዙ ውስጥ የወደቀው ጡብና ብረት ብቻ ነበር። ተገቢ ምርመራ ተደርጎ በጊዜ የተወሰደ ጥንቃቄ ውጤቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚመሰገነውም ከስንት አንዴ ነው። ስለሆነም በሚያልፉበት ድልድይ ላይ የክብደት ገደብ ወይም የመዘጋት ማስታወቂያ ሲያገኙ በቅድሚያ ማስታወቂያውን ያክብሩ፤ ቀጥሎም ማብራሪያ ይጠይቁ።